ሁለቱ ምዕራፎችና የእናቴ ምሰሶ

ባለፈው ጥቅምት ከአዲሎ ወደ ሆሳዕና ስመለስ እናቴን በሚኒባስ ስፒከር ሰማኋት። እናቴ ከሞተች ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ ያረጀ፣ ቶሎ ቶሎ ጉሮሮውን የሚጠርግ ወንድ ድምፅ ነው። ቃሉ ግን የእሷ ነው። ሾፌሩ ከስልኩ ስብከት ከፍቷል፤ እኔ የእህቴ ልጅ ያሸከመችኝን ቡላ ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላው ወንበር አንቀላፋለሁ። ሰባኪው «እናቴ ግን እንዲህ አይደለም የምትለው» አለ። «እናቴ፣ 'አስቀድሞ እኔ ነበርኩ፤ ሣሩ ሳይኖር፣ ግድግዳው ሳይኖር፣ እኔ ምሰሶውን አቅፌ ቆሜ ነበር፤ ቤቱ በዙሪያዬ መጣ' ነው የምትለው።» ተሳፋሪው «አሜን!» አለ። ቡላው ከጭኔ ወደቀ። «ማነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «እትዬ፣ አያውቋቸውም እንዴ? ወንጌላዊ ሀንዲሶ ናቸው እኮ! ሁለቱን የፍጥረት ምዕራፎች እንደሳቸው የሚፈታ አለ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አጠገቤ የነበረች ልጅ «አመመዎት እንዴ?» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። አላመመኝም፣ እልህ ነው። ሀንዲሶን ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። እናቱ እሱን በወለደች በሳምንቷ እንደሞተችና አያቱ እንዳሳደጉት የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምሰሶ ያቀፈች እናት ከየት አመጣ? ያቺ እናት የኔ ናት! ዘነበች እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ እናቴንም ከማንም በላይ አውቃታለሁ። «እስከ ዛሬ ስብከቱን እንዴት ሳትሰሚ ቀረሽ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ እሱ መድረክ ላይ ሲወጣ እኔ ወደ ሽንት ቤት ስወጣ ነው የኖርኩት። ለብዙ ዓመት በከምባታ ከተሞች ሲያስተምር ቆይቶ፣ ሸምግሎ ወደ ሆሳዕና ከተመለሰ በኋላም ስሙ ከመድረክ ሲጠራ ጃንጥላዬን አንስቼ እወጣለሁ። በዚህ የተነሣ «እህት ዘነበችን ኩላሊት ያማታል» ብለው የሚጸልዩልኝ ሰዎች አሉ። እኔም አሜን እላለሁ፣ ምን ላድርግ።

ያን ዕለት ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና መንገዱን አላየሁትም፤ ያየሁት የዱሮዋን ሆሳዕና ነው። አሁን ፎቅ በበቀለበት፣ ባጃጅ እግር በሚረግጥበት መንገድ ላይ ያኔ ጭቃውን በዱላ እየተመረኮዝን እናልፍ ነበር። አሮጌው ገበያ ጥግ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ነበረ፤ ትኩስ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ጫፉ የተቃጠለው ደግሞ ለመዘምራን በአምስት። የኛ አጥቢያ ጭቃ ቤት ሆኖ ቆርቆሮው አዲስ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሰባኪው አይሰማም፣ ያኔ እኛ እንዘምራለን። ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ የቴርጋል ጉርድ እንለብሳለን፤ ኮንጎ ጫማችንን በር ላይ አጥበን እንገባለን። አኮርዲዮናችን አንድ ቁልፉ አይሠራም ነበር፤ ያ ቁልፍ የሚመታበት ቦታ ሲደርስ ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ቀዳዳውን እንሸፍናለን። እስከ ዛሬ እነዚያን የሀዲይኛ መዝሙሮች ሳንጎራጉር እዚያ ቦታ ላይ እጮሃለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ዘመኑ የስብሰባና የሰልፍ ዘመን ነበር፤ ዛሬ የተከፈተ ነገ ይታሸጋል። እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ የምፈልገውም አንድ ነገር ነበር። ከየአጥቢያው አንዲት ልጅ ተመርጣ ዱራሜ መጽሐፍ ቅዱስ ልትማር ትላካለች። እኔ መሆን ነበረብኝ። ሁሉም «ዘነበች ናት» ይል ነበር፤ ሳጥን እንኳ ተገዝቶልኛል፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ክዳኑ ላይ ጽጌረዳ የተሳለበት።

ምርጫውን የሚወስነው በየዓመቱ አጥቢያዎች የሚገጥሙበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ነበር። ያን ዓመት ተራው የጊምቢቹ ስለነበር በጭነት መኪና ተጭነን ነው የሄድነው፣ ቆጮና አይብ በቅጠል ተጠቅልሎልን። የኛን ቡድን ያሠለጠነው ሀንዲሶ ነው። ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ፣ ከረባቱን በሰንበት ብቻ ሳይሆን በገበያ ቀንም የሚያስር ሰው። ለስምንት ልጆች የነበሩን መጽሐፍ ቅዱሶች ሦስት ናቸው። ስለዚህ ዘዴ አመጣ፤ መጽሐፉን እንደ መስቀል በሬ ቅርጫ አከፋፈለን። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ምዕራፍ ተሰጠን፤ የራስን በቃል መያዝ ግዴታ፣ የሌላውን ማንበብ ክልክል። «ይደባለቅባችኋል!» ይለን ነበር ጣቱን እያወዛወዘ። ከዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ለጓደኛዬ ለአየለች ደረሰ፣ ምዕራፍ ሁለት ለኔ። እሷ የሷን እንደ ማር በላችው፣ እኔም የኔን። አንዳችን የሌላዋን አላየንም። መምህር ነዋ ያዘዘን!

ሜዳው ላይ ጉባኤው ሞልቷል፤ ከሞርሲቶ የመጡ እንግዶች ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደንቡ ቀድሞ ከአግዳሚው የተነሣ ይመልሳል ነው። ጠያቂው «እግዚአብሔር አስቀድሞ የፈጠረው እንስሳትን ነው ሰውን?» አለ። እኔና አየለች እኩል ተነሣን። አየለች «እንስሳትን!» እኔ «ሰውን!» እኩል ጮህን፤ ከአንድ ቡድን፣ ከአንድ አግዳሚ። ወይ ጉድ! ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ «ሆሳዕናዎች ሁለት አምላክ አላችሁ እንዴ?» አሉ። ሀንዲሶ ከአሠልጣኞች ወንበር ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል። «ምዕራፉን ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ እውነት ብለዋል» ቢል ምን ነበረበት? እሱ ግን ሁለታችንን አየና «ከእነዚህ አንዷ ዋሽታለች» አለ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔም ሞኝ ነኝና መጽሐፉን ከጠያቂው ጠረጴዛ አንስቼ ምዕራፍ ሁለትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ የሜዳ ቡቃያ ሳይበቅል ሰው ከአፈር መሠራቱን፣ እንስሳት ከዚያ በኋላ ስም እንዲያወጣላቸው መምጣታቸውን፣ ሴቲቱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ መሆኗን። ሳቁ ጸጥ አለ። ሀንዲሶ መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀኝ። የመጨረሻውን ቃል ከመናገሬ በፊት ነው የነጠቀኝ፤ ገጹ ተቀደደ።

ከዚያ ቅጣቱ መጣ። «መጽሐፍ እርስ በርሱ ይጣላል ብላ በጉባኤ ፊት ያወጀች» ተብዬ ስድስት ወር ከመዘምራን ታገድኩ፣ ቦታዬም የመጨረሻው ወንበር፣ ሕፃናት ይዘው የሚመጡ እናቶች የሚቀመጡበት ሆነ። ዱራሜ የሄደችው አየለች ናት። የቆርቆሮ ሳጥኔን ራሴ ነኝ የሰጠኋት፤ ጽጌረዳውን በመዳፌ ጠርጌ። አየለች አላጠፋችም፤ እያለቀሰች ነው የሄደችው፣ ዛሬም ጓደኛዬ ናት። ሀንዲሶን ግን ያን ቀን በጥርሴ ያዝኩት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራስን መዝሙር መስማት ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቅም። አኮርዲዮኑ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ አፌን በነጠላ እይዛለሁ። ሕዝቡ ከፊት ዞሮ ያየኛል። እናቴ አንድም ሰንበት ሳትቀር ከፊት ወንበሯ ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ትቀመጥ ነበር። ማንም እንድትመጣ አላላትም።

ሁለቱን ምዕራፎች ያስማማልኝ የወንጌላዊ ትምህርት አይደለም፤ የቤታችን ወሬ ነው። በዚያው ክረምት እንግዳ መጥቶ አባቴ ቤታችን እንዴት እንደተሠራ ያወራ ነበር። አባቴ ሁሉን በቀን በቀን ነው የሚቆጥረው። «ሰኞ ቦታውን ደለደልን፣ ማክሰኞ እንጨት ቆረጥን፣ ረቡዕ ግድግዳውን አቆምን፣ ሐሙስ ሣር ከደንን፣ ዓርብ ከብቶቹን አስገባን፣ ቅዳሜ እኛ ገባን፣ እሑድ ዐረፍን!» እናቴ ከጓዳ ሰማችና ወጣች። «ኧረ ውሸታም! ከብቶቹ ናቸው እኔን የቀደሙኝ? አስቀድሞ እኔ ነበርኩ። ደቦው ድንጋይ ሊያመጣ ሄዶ፣ እኔ እርጉዝ ሆኜ ያን ምሰሶ አቅፌ ግማሽ ቀን ቆሜአለሁ። ሣር የለ፣ ግድግዳ የለ፣ እንሰት አልተተከለ። ብቻዬን! ቤቱ በዙሪያዬ መጣ። ላሟ ከዚያ በኋላ መጣች፣ ስሟንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።» እንግዳው ሳቀ። አባቴም ሳቀና «እሷም ልክ ናት» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ተነሥቼ ደብተር ልገዛ ሄድኩ።

ከኋላው የማባዛት ሠንጠረዥ ያለበት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበር። ሦስት ሳምንት ጻፍኩበት። አባቴ ቤቱን ከውጭ ቆሞ፣ ምን ከምን በኋላ እንደሆነ ይናገራል፤ ምዕራፍ አንድ እንደዚያ ነው። እናቴ ከውስጥ ሆና፣ ቤቱ ለማን እንደተሠራ ትናገራለች፤ ምዕራፍ ሁለት እንደዚያ ነው። አባቴ «እኛ ገባን» ይላል፣ ወንዱንም ሴቷንም አንድ ላይ። እናቴ ማን ብቻውን እንደቆመና ማን በኋላ እንደደረሰለት ትናገራለች። ቤቱ አንድ ነው፤ የሁለቱ ነው። ከአንደኛው ወሬ ብቻ የሚነሣ ሰው ቤቱን አላየውም። መጨረሻ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ «አባቴ አልዋሸም። እናቴም አልዋሸችም።» ይኼን ደብተር በሁለት እጄ ይዤ ለሀንዲሶ ሰጠሁት፤ አንብቦ ወደ መዘምራን ይመልሰኛል ብዬ። «እናየዋለን» አለኝ። አላየነውም። ስድስት ወሩን ጨረስኩ፣ ደብተሩን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጠፍቷል» አለኝ። እኔም የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ፤ ማንንም ልጅ አንዴም ዋሽተሻል ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። ከዚያ የሚኒባስ ጉዞ በተመለስኩ በሳምንቱ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። የአጥቢያው ሃምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ደርሷል፣ መጽሔት ይዘጋጃል፣ «እህት ዘነበች የአማርኛ ሰው ስለሆንሽ ታሪኩን አንቺ ጻፊልን» አሉ። የመጀመሪያው ገጽ የወንጌላዊ ሀንዲሶ ነው፤ በበዓሉም ጋቢ ይለብሳል፣ ስለ ሁለቱ ምዕራፎች ያስተማረው ትምህርት «ተራራ ላይ ጾም ይዞ የተገለጠለት» ተብሎ ይታተማል። ተገለጠለት! ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። «በደስታ!» አልኳቸው። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቷል።

በማግስቱ አየለችን አስከትዬ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ወዳለው የሀንዲሶ ቤት ሄድኩ። ምስክር ያስፈልገኝ ነበር። ሀንዲሶ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጺሙ ግን ዛሬም ሙልጭ ያለ ነው። ምራቱ ሻይ አመጣችልን። «ጌታ ይባርካችሁ፣ ልጆቼ» አለ። እኔ ሻዩን አልነካሁም።

«ደብተሬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«የትኛውን ደብተር፣ እህት ዘነበች?»

«ጠፍቷል ያሉኝን። ያቺ በየስልኩ የሚሰብኩባት እናት ያለችበትን።»

አየለች በክርኗ ወጋችኝ። እሱ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ አነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ከዘራውን ይዞ ገባና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ሠንጠረዡ ደብዝዟል፤ እጅ ጽሕፈቴ ግን የትናንት ይመስላል። ገለጥኩት። «እናቴ» የሚለውን ቃል በዓይኔ ለቀምኩ፤ ስምንት ቦታ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማ አለበት፣ ቀን አለበት። ቀኑ ደብተሩን በሰጠሁት በአራተኛው ቀን ነው።

ኋላ ወንበር ላይ ገና አምስት ወር ይቀረኝ ነበር! «ያኔውኑ ታውቅ ነበር?» አልኩት። አንቱታዬ ከአፌ ወደቀ፣ ላነሣውም አልፈለግኩም። «ትክክል ነው ብለህ ጽፈህ፣ አምስት ወር ሙሉ ኋላ ወንበር ላይ አየኸኝ? ሳጥኔን ስሰጥ አየኸኝ?»

«ልጄ» አለ፣ «በዚያ ሜዳ ላይ ሕዝብ ስቆብኝ ነበር። ልጅቷ ልክ ናት ብል፣ ምዕራፉን ከፋፍሎ ያሳሳታቸው እሱ ነው ይሉኝ ነበር። ፈራሁ።» ቀጥሎ ዓይኑን ከዘራው ላይ ተክሎ «እናት አላውቅም። ማንም ቤታችን እንዴት እንደተሠራ አልነገረኝም። ያንቺን ደብተር ደጋግሜ አነበብኩ። መጀመሪያ 'አንዲት እናት' እያልኩ ነበር የማስተምረው። አንድ ቀን አዲሎ ላይ 'እናቴ' ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ» አለ።

አየለች እንባዋ መጣ። «ዘኑዬ፣ ተይው፤ ሽማግሌ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። እውነት ለመናገር አንጀቴ ትንሽ ላላ ብሎ ነበር፤ እናት የሌለው ልጅ ሲባል ማን አይራራም? ግን እናቴ ነገር ያጣ ሰው የሚዋሳት ዕቃ አይደለችም። ያቺ ሴት ግማሽ ቀን ምሰሶ አቅፋ የቆመችው ለሱ አይደለም። ኋላ ወንበር የተቀመጠችውም ለሱ አይደለም። «ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ማን ተወኝ?» አልኳት። ወደ እሱ ዞርኩና ነገሬን ተናገርኩ። መጽሔቱ ላይ የመጀመሪያው ገጽ የሱ ይሁን፣ ተራራውም ጾሙም እንዳለ ይታተም፤ አንዲት ፊደል አልነካም። ሁለተኛው ገጽ የኔ ነው፤ ጊምቢቹ፣ አግዳሚው፣ ደብተሩ፣ ቀይ እስክሪብቶው ከነፎቶው። ያንን ቅዱስ መጽሐፍ የጻፈው ሰው ሁለት ወሬ ሲያገኝ አንዱን አልሰረዘም፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። እኔም አልሰርዝም። ሁለቱን ገጽ ማስማማት የሚፈልግ አንባቢ ራሱ ይድከም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ በበዓሉ ቀን ደብተሩን ከመድረክ በራሱ አፍ ያነባል፤ «እናቴ» የሚለው ስምንት ቦታ ላይ፣ ስምንቱንም ጊዜ «የዘነበች እናት» ይላል።

«ካላልኩስ?» አለ።

«ሦስተኛ ገጽ እጨምራለሁ» አልኩት። ሦስተኛ ገጽ አልነበረኝም። እሱ ግን ይኼን አያውቅም።

የበዓሉ ቀን ሽንት ቤት አልሄድኩም። አጥቢያው አሁን እብነ በረድ ነው፣ ወንበሩ የሚታጠፍ፣ አኮርዲዮኑ በኪቦርድ ተተክቷል። የፊት ወንበር ላይ፣ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው በኩል፣ አዲሱን የሐር ሻሼን አስሬ ተቀመጥኩ። መጽሔቱ ከጠዋት ጀምሮ በሕዝቡ እጅ ነው፤ ሰው አንደኛውን ገጽ አንብቦ ሲገልጥ፣ ከዚያ መልሶ ሲያገላብጥ፣ ከዚያ ወደኔ ሲያይ እያየሁ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሀንዲሶን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ከፈተ። «አስቀድሞ እኔ ነበርኩ ትላለች…» አለና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «…የዘነበች እናት።» ጉባኤው አሜን አላለም። ሁለተኛውን አለ፣ ሦስተኛውን አለ። በጣቴ ቆጠርኩ። አራተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ አላዘንኩለትም። ሰባተኛውን አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰና «አባቴ አልዋሸም» የሚለውን «የዘነበች አባት አልዋሸም» ብሎ አነበበው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋው። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ጋቢውንም አለበሱት። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ እንዲህ ያለ ትሑት አባት አይተን አናውቅም እያለ።

አየለች ክንዴን ይዛ «በቃ፣ ዘኑዬ! አሁንስ ረካሽ?» አለችኝ።

«ሰባት ነው ያለው» አልኳት። «ደብተሩ ላይ ስምንት ነው።»

የዘለላት እሷን ነው፤ «እናቴም አልዋሸችም» የምትለውን። ስለ እኔም በጊምቢቹ ሜዳ «አልዋሸችም» ተብላ ከአፉ መውጣት የነበረባት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያልወጣችው አንዲት ዓረፍተ ነገር። ዛሬ በየሰንበቱ አጠገቡ ነው የምቀመጠው። ስብከቱ ሲጀመር ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ያየዋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አይላትም። ሕዝቡ ታረቁ ብሎ ደስ ብሎታል። እሱ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። የኔ ኩላሊት ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም።